የአርመንያ ፕሬዚዳንቶች በአካባቢያዊ ዲፕሎማሲና በግጭት ውስጥ ያላቸው ሚና

መግቢያ

ስለ ደቡብ ካውካሰስ በሚወጡ ዜናዎች የአርመንያ ፕሬዚዳንትም ሆነ የአርመንያ ጠቅላይ ሚኒስትር በተደጋጋሚ ይጠቀሳሉ። እስከ 2018 ድረስ ስለ ጦርነትና ስለ ሰላም አገሪቱን ወክለው የሚደራደሩት ፕሬዚዳንቱ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ግን ይህ ኃላፊነት ወደ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ተላልፏል። ይህን ለውጥ ያልተገነዘበ አንባቢ የትኛው ፊርማ አገርን እንደሚያስገድድ፣ የትኛው ጉብኝት ደግሞ የክብር ተግባር ብቻ እንደሆነ ለመለየት ይቸገራል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አርመንያ ነጻነቷን ካወጀችበት ከ1991 ጀምሮ የተፈራረቁት አምስት ፕሬዚዳንቶች በአካባቢያቸው ግጭትና ዲፕሎማሲ የነበራቸውን ድርሻ ለዜጎች በግልጽ ማስረዳት ነው። ከአምስቱም ታሪክ አንድ ጉዳይ ጎልቶ ይታያል፤ ይኸውም መሪዎች በውጭ አገር የሚደርሱበት መግባባት በአገር ቤት የሕግና የፖለቲካ ድጋፍ ካላገኘ የማይጸና መሆኑ ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን እንገልጻለን።

1. የአገሪቱ አቀማመጥና የግጭቱ መነሻ

አርመንያ ስፋቷ ወደ 30 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ፣ ሕዝቧ ወደ 3 ሚሊዮን የሚደርስ፣ የባሕር በር የሌላት አገር ናት። በምዕራብ ከቱርክ፣ በምሥራቅ ከአዘርባጃን፣ በሰሜን ከጆርጂያ፣ በደቡብ ከኢራን ጋር ትዋሰናለች። ከአዘርባጃን ጋር ያላት ድንበር በግጭቱ ምክንያት ተዘግቶ ቆይቷል። ቱርክም በ1993 ድንበሯን ዘግታለች። በዚህ የተነሣ የአገሪቱ የየብስ ንግድ ለብዙ ዓመታት በጆርጂያና በኢራን በኩል ብቻ ሲተላለፍ ኖሯል። ስለዚህ በአርመንያ የውጭ ግንኙነት ከሕዝቡ የዕለት ኑሮ ተለይቶ አይታይም፤ እህሉና ነዳጁ በየትኛው መንገድ እንደሚገባ የሚወሰነው ከጎረቤቶች ጋር ባለው ግንኙነት ነውና።

የግጭቱ ዋና መነሻ ናጎርኖ ካራባኽ የተባለው አካባቢ ነው። በሶቪየት ኅብረት ዘመን ይህ አካባቢ በአዘርባጃን ሥር የተዋቀረ ራስ ገዝ አስተዳደር ሲሆን አብዛኛው ነዋሪ አርመናዊ ነበር። በፌብሩዋሪ 1988 የአካባቢው ምክር ቤት ወደ አርመንያ ለመጠቃለል ጥያቄ አቀረበ። ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ ጉዳዩ ወደ ሙሉ ጦርነት ተሸጋገረ። በሜይ 1994 የተኩስ አቁም ስምምነት ሲደረስ የአርመን ኃይሎች የአካባቢውን አብዛኛ ክፍልና በዙሪያው ያሉትን የአዘርባጃን ወረዳዎች ተቆጣጥረው ነበር። በጦርነቱ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ አዘርባጃናውያን ከቀያቸው ተፈናቅለዋል፤ በአዘርባጃን ከተሞች ይኖሩ የነበሩ አርመናውያንም እንዲሁ ተሰደዋል።

ለድርድሩ አስቸጋሪነት ምክንያት የሆኑት ሁለት መርሖዎች ናቸው። አዘርባጃን በዓለም አቀፍ ደረጃ የታወቀው የግዛት አንድነቷ እንዲከበር ስትጠይቅ፣ የአርመን ወገን ደግሞ የአካባቢው ሕዝብ የራሱን ዕድል በራሱ የመወሰን መብት እንዲከበርለት ይጠይቅ ነበር። እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች የሚያስታርቅ መፍትሔ እንዲፈልግ በ1992 የሚንስክ ቡድን የተባለው የሽምግልና አካል ተቋቋመ፤ ኋላም ሩስያ፣ አሜሪካና ፈረንሳይ በጋራ ሰብሳቢነት መርተውታል።

2. ሌቮን ቴር-ፔትሮስያን (1991–1998)

የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሌቮን ቴር-ፔትሮስያን የጥንታዊ ቋንቋዎችና ጽሑፎች ተመራማሪ ነበሩ። ወደ ፖለቲካ የገቡት የካራባኽን ጥያቄ ያነሣውን ሕዝባዊ ንቅናቄ ከመሩት ሰዎች አንዱ በመሆን ነው። በኦክቶበር 1991 በሕዝብ ቀጥተኛ ድምፅ ተመረጡ። በዲሴምበር 1991 አልማ-አታ ላይ የቀድሞዎቹ የሶቪየት ሪፐብሊኮች አንዱ የሌላውን የግዛት አንድነትና ነባር ድንበር እንደሚያከብር ባረጋገጡበት መግለጫ ላይ እርሳቸውም የአዘርባጃኑ ፕሬዚዳንትም ፈርመዋል። ይህ ሰነድ ከሠላሳ ዓመት በኋላ እንደገና የድርድር መሠረት ስለሆነ ሊታወስ ይገባዋል።

ቴር-ፔትሮስያን ጦርነቱን በመሩባቸው ዓመታት ሁለት ሥራዎችን ጎን ለጎን ለማከናወን ሞክረዋል። በአንድ በኩል አገሪቱን በ1992 በታሽከንት በተፈረመው የጋራ ደኅንነት ስምምነት ውስጥ አስገቡ፤ በ1995 ደግሞ የሩስያ የጦር ሰፈር በአርመንያ እንዲቆይ የሚፈቅድ ስምምነት ተፈረመ። በሌላ በኩል ያለፈው ታሪክ መራራ ቢሆንም ከቱርክ ጋር የተለመደ የጉርብትና ግንኙነት መመሥረት እንደሚያስፈልግ ያምኑ ነበር። በኤፕሪል 1993 የቱርኩ ፕሬዚዳንት ቱርጉት ኦዛል ሲያርፉ በቀብራቸው ላይ መገኘታቸው የዚህ አቋማቸው ምልክት ነበር። ይሁን እንጂ በዚያው ወር የአርመን ኃይሎች የአዘርባጃንን የኬልባጃር ወረዳ በመያዛቸው ቱርክ ድንበሯን ዘጋች፤ የታሰበውም መቀራረብ ተቋረጠ።

በ1997 የሚንስክ ቡድን ሰብሳቢዎች ደረጃ በደረጃ የሚፈጸም የሰላም ዕቅድ አቀረቡ። በዕቅዱ መሠረት የአርመን ኃይሎች በመጀመሪያ ከዙሪያ ወረዳዎቹ ይወጣሉ፤ ሰላም አስከባሪዎች ይሰማራሉ፤ የካራባኽ የመጨረሻ ዕጣ ግን ወደፊት በድርድር ይወሰናል። ቴር-ፔትሮስያን ዕቅዱን ለድርድር መነሻነት ተቀበሉት። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ባሳተሙት ጽሑፍ በወቅቱ የነበረው ሁኔታ እንዳለ ሊቀጥል እንደማይችል፣ ድንበሮቿ የተዘጉባት አገርም ልትለማ እንደማትችል በመከራከር ድርድርን ደገፉ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ፣ የመከላከያ ሚኒስትሩና የአገር ውስጥ ጉዳይና የደኅንነት ሚኒስትሩ ግን ዕቅዱን ተቃወሙ። በጦር ኃይሉና በጸጥታው መዋቅር ላይ ይበልጥ ተሰሚ የነበሩት ተቃዋሚዎቹ ስለነበሩ ፕሬዚዳንቱ ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1998 ሥልጣናቸውን ለቀቁ። በሕግ የመደራደር ሙሉ ሥልጣን ቢኖራቸውም የራሳቸውን መንግሥት ይዘው መራመድ አልቻሉም።

3. ሮበርት ኮቻርያን (1998–2008)

ሮበርት ኮቻርያን በካራባኽ ዋና ከተማ በስቴፓናኬርት የተወለዱ ሲሆኑ ወደ የሬቫን ተዛውረው ጠቅላይ ሚኒስትር ከመሆናቸው በፊት የካራባኽ መሪ ነበሩ። በእርሳቸው ዘመን የድርድሩ ዋና መድረክ የአርመንያና የአዘርባጃን ፕሬዚዳንቶች የፊት ለፊት ውይይት ሆነ። ከአዘርባጃኑ ፕሬዚዳንት ከሄይዳር አሊየቭ ጋር በተደጋጋሚ ተገናኝተዋል።

በኦክቶበር 1999 ታጣቂዎች የአርመንያን ፓርላማ በመውረር ጠቅላይ ሚኒስትሩን ቫዝገን ሳርግስያንን፣ አፈ ጉባኤውን ካረን ዴሚርችያንንና ሌሎች ባለሥልጣናትን ገደሉ። ይህ አደጋ አገሪቱን ለረጅም ጊዜ በውስጥ ቀውስ ጠመዳት። በኤፕሪል 2001 በአሜሪካ አሸማጋይነት በኪ ዌስት ደሴት የተካሄደው ውይይት ተስፋ ሰጪ እንደነበር በጊዜው ተነግሯል። ሁለቱ ፕሬዚዳንቶች ወደየአገራቸው ከተመለሱ በኋላ ግን የተጀመረው መቀራረብ ወደ ፊርማ ሳይደርስ ቀርቷል። በፌብሩዋሪ 2006 ከአባታቸው ቀጥለው ሥልጣን ከያዙት ከኢልሃም አሊየቭ ጋር በፈረንሳይ ራምቡዬ የተደረገው ውይይትም እንዲሁ ያለ ውጤት ተጠናቋል።

ኮቻርያን በሌላ መስክ ግን የሚታይ ውጤት አስመዝግበዋል። አርመንያ በ2001 የአውሮፓ ምክር ቤት አባል ሆናለች። በማርች 2007 ደግሞ ከኢራን የተዘረጋው የተፈጥሮ ጋዝ መስመር የሁለቱ አገሮች ፕሬዚዳንቶች በተገኙበት ተመርቋል። ሁለት ድንበሮች ለተዘጉባት አገር ይህ መስመር ተጨማሪ የኃይል ምንጭ አስገኝቷል።

4. ሰርዥ ሳርግስያን (2008–2018)

ሦስተኛው ፕሬዚዳንት ሰርዥ ሳርግስያንም የተወለዱት በስቴፓናኬርት ነው። ሥልጣን በያዙ በጥቂት ወራት ውስጥ ያልተጠበቀ ርምጃ ወሰዱ። የአርመንያና የቱርክ ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድኖች ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ በአንድ ምድብ መደልደላቸውን ምክንያት በማድረግ የቱርኩን ፕሬዚዳንት አብዱላህ ጉልን ወደ የሬቫን ጋበዙ። ጉል ጥሪውን ተቀብለው በሴፕቴምበር 2008 ጨዋታውን ከአስተናጋጃቸው ጋር አብረው ተመለከቱ። ይህም የእግር ኳስ ዲፕሎማሲ የሚል ስያሜ አገኘ። በኦክቶበር 2009 የሁለቱ አገሮች የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች የዲፕሎማሲ ግንኙነት ለመመሥረትና ድንበሩን ለመክፈት የሚያስችሉ ሁለት ሰነዶችን በዙሪክ ፈረሙ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሳርግስያን ለመልሱ ጨዋታ ወደ ቱርክ ቡርሳ ተጓዙ።

ሰነዶቹ ግን በሁለቱም አገሮች ፓርላማ ሳይጸድቁ ቀሩ። አዘርባጃን የካራባኽ ጉዳይ ሳይፈታ ድንበሩ መከፈቱን አጥብቃ ተቃወመች፤ ቱርክም ሁለቱን ጉዳዮች አያያዘቻቸው። በአርመንያ በኩል አንድ የጥምር መንግሥቱ አባል ፓርቲ ከቱርክ ጋር የተጀመረውን ሂደት በመቃወም ከመንግሥት ወጣ። በውጭ አገር የሚኖሩ በርካታ አርመናውያንም ተቃውሟቸውን ለፕሬዚዳንቱ በአካል አሰሙ። ሳርግስያን በኤፕሪል 2010 የማጽደቁን ሂደት አቋረጡ፤ በማርች 2018 ደግሞ ሰነዶቹ ዋጋ እንደሌላቸው በይፋ ተገለጸ።

በካራባኽ ጉዳይም በኖቬምበር 2008 በሞስኮ አቅራቢያ ከኢልሃም አሊየቭና ከሩስያው ፕሬዚዳንት ከዲሚትሪ ሜድቬዴቭ ጋር ጉዳዩ በፖለቲካዊ መንገድ እንዲፈታ የሚያሳስብ መግለጫ ፈርመዋል። በጁን 2011 በካዛን ከተማ የተካሄደው ስብሰባ ግን ሳይሳካ ቀረ። በኤፕሪል 2016 ለአራት ቀናት የዘለቀ ከባድ ውጊያ ተቀሰቀሰ፤ የተኩስ አቁሙ ምን ያህል የሳሳ እንደነበርም ታየ።

በኢኮኖሚ ረገድ ሳርግስያን በሴፕቴምበር 2013 በሩስያ ወደሚመራው የጉምሩክ ኅብረት ለመግባት መወሰናቸውን በሞስኮ አስታወቁ። ውሳኔው ከአውሮፓ ኅብረት ጋር ለዓመታት የተደራደሩበትን የንግድ ስምምነት አስቀረው። አርመንያ በጃንዩዋሪ 2015 የዩሬዥያ ኢኮኖሚ ኅብረት አባል ሆነች፤ በኖቬምበር 2017 ደግሞ ከአውሮፓ ኅብረት ጋር ሌላ ሰፊ የትብብር ስምምነት ፈረመች።

5. የሕገ መንግሥቱ ለውጥና አርመን ሳርክስያን (2018–2022)

በዲሴምበር 2015 በተካሄደ ሕዝበ ውሳኔ አርመንያ ከከፊል ፕሬዚዳንታዊ ወደ ፓርላሜንታዊ ሥርዓት ተሸጋገረች። በአዲሱ ድንጋጌ መሠረት ፕሬዚዳንቱ በፓርላማ የሚመረጡ፣ ለአንድ የሰባት ዓመት ዘመን ብቻ የሚያገለግሉ ርእሰ ብሔር ናቸው። የውጭ ፖሊሲን የሚመራው መንግሥት ነው፤ በጦርነት ጊዜም የጦር ኃይሎች የበላይ አዛዥ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ናቸው። ለውጡ በኤፕሪል 2018 ሙሉ በሙሉ ተግባራዊ ሆነ። ሳርግስያን ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ለመቀጠል ሲሞክሩ ሰፊ ሕዝባዊ ተቃውሞ ተነሣባቸው፤ በተሾሙ በቀናት ውስጥም ሥልጣን ለቀቁ። የተቃውሞው መሪ ኒኮል ፓሺንያን በሜይ 2018 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ።

በዚህ ጊዜ በፕሬዚዳንትነት ወንበር ላይ የነበሩት የፊዚክስ ሊቁና የቀድሞው አምባሳደር አርመን ሳርክስያን ነበሩ። የለውጡ ትርጉም በተግባር የታየው በ2020 ነው። ሴፕቴምበር 27 ቀን የተጀመረው ጦርነት ከ44 ቀናት በኋላ ሲቆም የተኩስ አቁም መግለጫውን የፈረሙት ጠቅላይ ሚኒስትር ፓሺንያን፣ የአዘርባጃኑ ፕሬዚዳንት ኢልሃም አሊየቭና የሩስያው ፕሬዚዳንት ቭላዲሚር ፑቲን ናቸው። በመግለጫው መሠረት አዘርባጃን በጦርነቱ ከያዘችው መሬት በተጨማሪ ቀሪዎቹን የዙሪያ ወረዳዎች ተረከበች፤ የሩስያ ሰላም አስከባሪዎችም ተሰማሩ። ፕሬዚዳንት ሳርክስያን ስለ ስምምነቱ የሰሙት ከመገናኛ ብዙኃን መሆኑን በይፋ ተናገሩ። ከሁለት ዓመት ከመንፈቅ በፊት ቢሆን ኖሮ ፈራሚው የአርመንያ ፕሬዚዳንት ይሆኑ ነበር።

ሳርክስያን በጃንዩዋሪ 2022 ከኃላፊነታቸው ሲለቁ ምክንያታቸውን ገልጸዋል። ፕሬዚዳንቱ አገር በችግር ላይ በምትገኝበት ወቅት በውስጥና በውጭ ፖሊሲ ላይ ተጽዕኖ ለማሳደር የሚያስችል ሕጋዊ መሣሪያ እንደሌላቸው ነበር ያስታወቁት።

6. ቫሃግን ኻቻቱርያንና የቅርብ ዓመታት ሁኔታ

በማርች 2022 ሥራ የጀመሩት አምስተኛው ፕሬዚዳንት ቫሃግን ኻቻቱርያን ቀደም ሲል የየሬቫን ከንቲባና የከፍተኛ ቴክኖሎጂ ኢንዱስትሪ ሚኒስትር ነበሩ። በእርሳቸው ዘመን አካባቢው ታላላቅ ለውጦችን ቢያስተናግድም ድርድሩን የሚያካሂዱት ጠቅላይ ሚኒስትሩና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ናቸው።

በኦክቶበር 2022 ፓሺንያንና አሊየቭ በፕራግ ተገናኝተው ሁለቱ አገሮች በ1991 ለተፈረመው የአልማ-አታ መግለጫ ተገዢ መሆናቸውን አረጋገጡ። በሴፕቴምበር 2023 አዘርባጃን ባካሄደችው ወታደራዊ ዘመቻ ካራባኽን ሙሉ በሙሉ ተቆጣጠረች። ከ100 ሺህ በላይ አርመናውያን በቀናት ውስጥ ቤታቸውን ጥለው ወደ አርመንያ ተሰደዱ። በ1990ዎቹ ዓመታት በአዘርባጃናውያን ላይ የደረሰው መፈናቀል በዚህኛው ትውልድ በአርመናውያን ላይ ደረሰ። በሁለቱም ጊዜያት ያልተቋጨው ድርድር ያስከተለውን መከራ የተሸከሙት ቤታቸውን ጥለው የወጡት ቤተሰቦች ናቸው።

በኦገስት 2025 ፓሺንያንና አሊየቭ በአሜሪካው ፕሬዚዳንት በዶናልድ ትራምፕ አስተናጋጅነት በዋሽንግተን ተገናኙ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮቻቸውም የሰላም ስምምነቱን ረቂቅ በአጭር ፊርማ አረጋገጡ። አጭር ፊርማ የጽሑፉን ይዘት ማጽናት እንጂ ስምምነቱን በሥራ ላይ ማዋል አይደለም፤ ለዚያ ሙሉ ፊርማና ማጽደቅ ያስፈልጋል። አዘርባጃን የአርመንያ ሕገ መንግሥት በመግቢያው የሚጠቅሰው የነጻነት ዐዋጅ በካራባኽ ላይ የይገባኛል ጥያቄ ያዘለ መሆኑን በመግለጽ እንዲሻሻል ስትጠይቅ ቆይታለች። ሕገ መንግሥት በሕዝበ ውሳኔ የሚሻሻል በመሆኑ ጉዳዩ እንደገና ወደ አርመንያ ሕዝብ ፈቃድ ተመልሷል።

7. ለአንባቢው የሚጠቅሙ ነጥቦች

ዜጎች ስለ ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የሚወጡ ዜናዎችን ሲከታተሉ ሦስት ጥያቄዎችን ቢያነሡ ጉዳዩን በተሻለ ሁኔታ ሊረዱት ይችላሉ፦

አንደኛ፣ የተገናኙት ወይም የፈረሙት ባለሥልጣን በአገራቸው ሕገ መንግሥት የመወሰን ሥልጣን አላቸው ወይ? ፕሬዚዳንት የሚለው ማዕረግ በአዘርባጃን የአስፈጻሚውን አካል መሪ ሲያመለክት በዛሬዋ አርመንያ ግን ርእሰ ብሔርን ብቻ ያመለክታል።

ሁለተኛ፣ ሰነዱ በምን ደረጃ ላይ ይገኛል? የጋራ መግለጫ፣ አጭር ፊርማ፣ ሙሉ ፊርማና ማጽደቅ የተለያየ የሕግ ውጤት አላቸው። የዙሪክ ሰነዶች ተፈርመው እንኳ ሥራ ላይ አልዋሉም።

ሦስተኛ፣ በአገር ቤት ማን ይደግፈዋል፣ ማንስ ይቃወመዋል? ቴር-ፔትሮስያንም ሆኑ ሳርግስያን ያሰቡት የተሰናከለው በዋናነት በዚህ ጥያቄ ላይ ነው።

እነዚህ ጥያቄዎች ለእኛም እንግዳ አይደሉም። በኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት ፕሬዚዳንቱ ርእሰ ብሔር ናቸው፤ የውጭ አገር አምባሳደሮችን የሹመት ደብዳቤም ይቀበላሉ። አስፈጻሚውን አካል የሚመሩት ግን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ናቸው። በአንቀጽ 55 መሠረት ደግሞ አስፈጻሚው አካል የሚዋዋላቸውን ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የሚያጸድቀው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው።

ኢትዮጵያና አርመንያ የቆየ ትስስር ያላቸው አገሮች መሆናቸውም ይታወቃል። የሁለቱ አገሮች ጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናት በኢየሩሳሌም ለዘመናት ጎን ለጎን ኖረዋል። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በ1924 ኢየሩሳሌምን በጎበኙ ጊዜ በኦቶማን ግዛት ከደረሰው ጭፍጨፋ የተረፉ አርባ አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆችን ወደ አዲስ አበባ አስመጥተዋል። አርባ ልጆች በመባል የሚታወቁት እነዚህ ወጣቶች ለዘመናዊ ሙዚቃችን ያበረከቱት አስተዋጽኦ ዛሬም ይወሳል።

ማጠቃለያ

የአምስቱ የአርመንያ ፕሬዚዳንቶች ታሪክ የሚያሳየው የአንድ መሪ ብልሃት ወይም ድፍረት ብቻውን ሰላም እንደማያመጣ ነው። ቴር-ፔትሮስያን የፈረሙት የአልማ-አታ መግለጫ ከሠላሳ ዓመት በኋላ የድንበር መነሻ ሆኖ ተመልሷል፤ በመካከሉ ግን ሁለት ትውልዶች ጦርነትንና ስደትን አሳልፈዋል። ቀጣዩ ስምምነት ከወረቀት አልፎ በድንበር አካባቢ ለሚኖሩ ቤተሰቦች እንዲደርስ ከድርድሩ ጠረጴዛ ባሻገር የፓርላማ ማጽደቅና የሕዝብ ፈቃድ ያስፈልገዋል።